ሳሙኤል ኮልት፦ የባሩድ ሽጉጡ፣ ፋብሪካውና አምሳያዎቹ

በሰሜን ጣሊያን፣ ከብሬሻ ከተማ በስተሰሜን በሚዘልቀው የትሮምፒያ ሸለቆ ውስጥ፣ ጋርዶኔ የምትባል የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ከተማ ትገኛለች። በዚህች ከተማና በአካባቢዋ ባሉ ፋብሪካዎች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ የኖረ አንድ የሽጉጥ ዓይነት አለ። ይህ ሽጉጥ ዘመናዊ ጥይት አይጎርስም። ባሩዱ ተሰፍሮ ከፊት በኩል ይጨመርበታል፤ የእርሳስ አረሩ በላዩ ይጠቀጠቅበታል፤ ከኋላው ደግሞ እሳት የሚጭር ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋበታል። ገዢዎቹ ወታደሮች ወይም ፖሊሶች ሳይሆኑ ጥንታዊ መሣሪያን የሚሰበስቡና በዒላማ ውድድር የሚደሰቱ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከሚሰበስቧቸው አምሳያዎች ውስጥ እጅግ የሚበዛው ክፍል አንድ ሰው ያወጣው ንድፍ ቅጂ ነው። ሰውዬው አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ሲሆን፣ ከሞተ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የኮልት ስም ከሽጉጥ ጋር ተያይዞ ይነሣ እንጂ፣ ለመሐንዲሶች የሚተርፈው የሕይወቱ ትምህርት ከሽጉጡ ይልቅ በፋብሪካው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህም ታሪኩን ከመጀመሪያው መከተል ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነትና የወጣትነት ዘመን

ሳሙኤል ኮልት ጁላይ 19 ቀን 1814 በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ክሪስቶፈር ኮልት በንግድ አንድ ጊዜ የከበረ፣ ሌላ ጊዜ የከሰረ ሰው ነበር። እናቱ ሣራ ልጁ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ስለ ተበታተነ፣ ሳሙኤል በአሥራ አንድ ዓመቱ በግላስተንበሪ ለሚኖር አንድ ገበሬ በሥራ ውል ተሰጠ። በዚያ ቤት የእጅ ሥራና የሳይንስ እውቀት የተሰበሰበበት አንድ መጽሐፍ አግኝቶ ያነብ ነበር፤ ስለ ባሩድና ስለ ኤሌክትሪክ ባትሪ በመጀመሪያ የተረዳውም ከዚህ መጽሐፍ እንደ ሆነ ይነገራል።

በ1829 አባቱ በማሳቹሴትስ ግዛት በዌር ከተማ ወደሚመራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የነፃነት በዓል ቀን፣ በኩሬ ላይ የተንሳፈፈ መዋጮ በኤሌክትሪክ በሚቀጣጠል ባሩድ እንደሚያፈነዳ ለሕዝብ አስታወቀ። ፍንዳታው በእርግጥ ደረሰ፤ ነገር ግን መዋጮው ሳይነካ ውሃውና ጭቃው ተመልካቹን አለበሰው። ከተቆጣው ሕዝብ ያስጣለው ኤሊሻ ሩት የተባለ ወጣት መካኒክ እንደ ነበረ ይተረካል። ይህ ስም በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ትምህርት ቤትም ገብቶ በርችት ጨዋታው እሳት ስላስነሣ ከዚያ ወጣ። በ1830 አባቱ ኮርቮ በምትባል መርከብ ወደ ካልካታ እንዲጓዝ አደረገው። በመርከቧ ላይ ሳለ ተሽከርካሪ ጎራሽ ያለው የሽጉጥ ምሳሌ ከእንጨት ቀረጸ። ሐሳቡን ያገኘው የመርከቧን መሪ መንኮራኩር ወይም የመልሕቅ መጠምጠሚያውን አይቶ ነው የሚለው ትረካ ከእርሱ ጋር አብሮ ኖሯል። ይሁን እንጂ በእጅ የሚዞር ጎራሽ ያላቸው መሣሪያዎች ከእርሱ በፊት እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም። አሜሪካዊው ኤሊሻ ኮሊየር በ1818 በእንግሊዝ አገር ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። የኮልት ድርሻ መዞሩን መፍጠር አልነበረም፤ መቺው ሲሳብ ጎራሹ በራሱ ዞሮ፣ ከአፈ ሙዙ አንጻር ቀጥ ብሎ እንዲቆለፍ ማድረግ ነበር።

በ1832 ሲመለስ አባቱ ሁለት ናሙናዎች አሠራለት። ጠመንጃው ሲሠራ ሽጉጡ ፈነዳ። አባቱ ከዚህ በላይ ገንዘብ ለማውጣት አልፈቀደም። ስለዚህ ወጣቱ ራሱን የኒው ዮርክ፣ የለንደንና የካልካታው ዶክተር ኩልት ብሎ ሰይሞ፣ የሚያስቅ ጋዝ ለሕዝብ እያሳየ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። በዚህ መንገድ ያገኘውን ገንዘብ የተሻለ ናሙና ለሚሠሩለት የጠመንጃ ባለሙያዎች ከፈለ። የሕዝብን ዓይን የመሳብ ጥበብንም የተማረው በዚሁ ጊዜ ነው።

የሽጉጡ አሠራር

ኮልት በ1835 በእንግሊዝ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1836 ደግሞ በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። መሣሪያው በዘመኑ ከነበሩት ሁለት ነገሮች የተወለደ ነው። አንዱ ጥቁሩ ባሩድ ነው፤ ይኸውም በመቶኛ ሲሰላ 75 ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 ያህሉ ከሰል፣ 10 ያህሉ ድኝ ነው። ሁለተኛው ሲመታ እሳት የሚተፋ የሜርኩሪ ውሁድ የተቀባበት የመዳብ ቆብ ነው። ከቆቡ በፊት የነበረው የባልጩት መጫሪያ ባሩዱን በግልጽ ምጣድ ላይ ማስቀመጥ ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ለተሽከርካሪ ጎራሽ የሚመች አልነበረም። ኮልት የተሳካለት ቆቡ በተለመደበት ዘመን ስለ ደረሰም ጭምር ነው።

ሲሊንደሩ አምስት ወይም ስድስት ጎራሽ ጉድጓዶች አሉት። መቺው ወደ ኋላ ሲሳብ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘች ትንሽ ጣት በሲሊንደሩ ኋላ የተቆረጡትን ጥርሶች እየገፋች አንድ እርምጃ ታዞረዋለች። ከሥር ያለው መቆለፊያ በሞላ ተገፍቶ ወደ ስንጥቁ ይገባና ሲሊንደሩን ያቆመዋል። ቃታው ሲሳብ መቺው ቆቡን ይመታል፤ እሳቱ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያቀጣጥላል። አረሩ ከጉድጓዱ አፍ በጥቂቱ ሰፋ ያለ በመሆኑ፣ በመጠቅጠቂያው ሲገፋ ከዙሪያው ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ተላጭቶ ይቀራል፤ ይህም ጉድጓዱን አጥብቆ ይደፍነዋል። በአረሩ ላይ ሞራ የሚቀባው ባሩዱ የሚተወውን ጥላሸት ለማለስለስና የአንዱ ጉድጓድ እሳት ወደ ሌላው እንዳይዛመት ለመከላከል ነው። ዛሬ አምሳያ የያዘ ሰብሳቢ ሁሉ ይህን ሥርዓት ይከተላል፤ ከተኮሰም በኋላ በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት ካልቀባው መሣሪያው በአጭር ጊዜ ይዝጋል።

ውድቀትና መነሣት

በ1836 በኒው ጀርሲ ግዛት በፓተርሰን ከተማ ፋብሪካ ተቋቋመ። የፓተርሰኑ ሽጉጥ አምስት ጎራሽ ሲሆን፣ ቃታው መቺው ሲሳብ ብቻ ከተደበቀበት የሚወጣ ነበር። የሠራዊቱ መርማሪዎች መሣሪያው ውስብስብና በቀላሉ የሚበላሽ ነው ብለው አልተቀበሉትም። ዋጋውም ለተራው ሰው የማይቀመስ ነበር። ለፍሎሪዳው የሴሚኖል ጦርነት ጥቂት ጠመንጃዎች ተሸጡ፤ የቴክሳስ ሪፐብሊክም በ1839 ለባሕር ኃይሉ 180 ሽጉጦች አዘዘ። ይህ ግን ፋብሪካውን አላዳነውም፤ በ1842 ተዘጋ።

በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ላይ መከራ ወረደ። ወንድሙ ጆን ሳሙኤል አዳምስ የተባለ አታሚ ገድሎ ሞት ተፈረደበት፤ በሚሰቀልበት ቀንም በእስር ቤት ራሱን አጠፋ። ሳሙኤል በዚህ ጊዜ ለወደብ መከላከያ የሚሆን በኤሌክትሪክ የሚቀጣጠል የውሃ ውስጥ ፈንጂ ሲፈትን ነበር። ከ1842 እስከ 1844 መርከቦችን በሕዝብ ፊት አፈነዳ፤ መንግሥት ግን ሥራውን አልገዛውም። ለፈንጂው የሠራው ውሃ የማያስገባ ሽቦ ከቴሌግራፉ ሰው ከሳሙኤል ሞርስ ጋር አገናኘው።

የፓተርሰኑ ሽጉጥ ዕጣ ግን በሩቅ አገር እየተለወጠ ነበር። ለቴክሳስ ባሕር ኃይል የተገዙት ሽጉጦች በቴክሳስ ሬንጀሮች እጅ ገቡ። በ1844 በጆን ሄይስ የተመሩ ወደ 15 የሚጠጉ ሬንጀሮች በቁጥር ብዙ እጥፍ የሆኑ የኮማንቼ ተዋጊዎችን በእነዚህ ሽጉጦች ድል ነሡ። ቀስተኛው ብዙ ፍላጻ በሚወረውርበት ጊዜ ነጭ ሰፋሪው አንዴ ብቻ ይተኩስ የነበረበት ዘመን በዚህ አበቃ። ለሰፋሪዎቹ ይህ የመዳን ወሬ ነበር፤ መሬታቸውን እያጡ ለነበሩት የአገሩ ተወላጆች ግን የጥፋታቸው መፋጠኛ ሆነ። የአንድ ማሽን ብቃት የሚለካበት ሚዛን በማን እጅ እንዳለ ለማሰብ ይህ ታሪክ ይበቃል።

የሜክሲኮ ጦርነት በ1846 ሲነሣ፣ ከሬንጀሮቹ አንዱ የነበረው ካፒቴን ሳሙኤል ዎከር ኮልትን ፈልጎ አገኘው። ሁለቱ ተመካክረው ከፍ ያለ፣ ስድስት ጎራሽ የሆነ፣ ክብደቱ ወደ ሁለት ኪሎ የሚደርስ ሽጉጥ ነደፉ። መንግሥት በጃንዋሪ 1847 አንድ ሺህ ሽጉጦች እያንዳንዱን በ25 ዶላር አዘዘ። ኮልት ፋብሪካ ስላልነበረው ሥራውን በኤላይ ዊትኒ ልጅ ፋብሪካ አሠራ። ዎከር በዚያው ዓመት ኦክቶበር በጦር ሜዳ ሞተ። በስሙ የተጠራው ሽጉጥ እንከን አልነበረውም አይባልም፤ ሲሊንደሮቹ አንዳንዴ ይፈነዱ፣ በተኮሰም ቁጥር መጠቅጠቂያው ከመያዣው አምልጦ ይወርድ ነበር። የዛሬዎቹ ጣሊያን ሠራሽ አምሳያዎችም ንድፉን በታማኝነት ስለሚከተሉ፣ ብዙዎቹ ይህንኑ የመጠቅጠቂያ እንከን ወርሰዋል። ሰብሳቢው በራሱ እጅ ሲያየው፣ የኋለኞቹ ሞዴሎች ለምን ጠንካራ መቆለፊያ እንደ ተደረገላቸው ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

ሃርትፎርድ

ኮልት በተገኘው ትርፍ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመለሰ። በ1849 በዌር ኩሬ ዳር ያስጣለውን ሰው፣ ኤሊሻ ሩትን፣ ከኮሊንስ የመጥረቢያ ፋብሪካ በከፍተኛ ደመወዝ አስመጥቶ የሥራው ኃላፊ አደረገው። የኮልት ዝና ከሩት ሥራ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ሩት ቅጥቀጣውን በከባድ ወዳቂ መዶሻ፣ ቀረጻውን በፍሬዛና በልዩ ቶርኖ፣ አያያዙን ለየክፍሉ በተበጀ መያዣ፣ ልኩንም በብረት መለኪያ እንዲሆን አደረገ። ሞዴሎቹ ተከታተሉ፦ በ1849 የኪሱ፣ በ1851 ባሕር ኃይል የሚባለው፣ በ1860 ደግሞ የሠራዊቱ ሽጉጥ ወጣ። የ1851ዱ ሽጉጥ በሃርትፎርድ ብቻ ከ200,000 በላይ ተሠርቷል። በሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸው ሥዕል በ1843 የቴክሳስና የሜክሲኮ መርከቦች ያደረጉትን ውጊያ ያሳያል፤ በዛሬው አምሳያም ይኸው ሥዕል አለ።

በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ኮልት ብዙ ሽጉጦችን ለእይታ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በለንደን የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም ፊት ቀርቦ፣ ተሽከርካሪ ጎራሽ ያላቸውን መሣሪያዎች በማሽን ስለ መሥራት ንግግር አደረገ። በ1853 በፒምሊኮ በቴምዝ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ከፈተ። በ1854 የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ስለ ጦር መሣሪያ አሠራር ሲመረምር፣ የእንፋሎት መዶሻ ፈጣሪው ጄምስ ናስሚዝ ይህን ፋብሪካ ጎብኝቶ እንደ ተደነቀ መሰከረ። ፋብሪካው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢዘጋም፣ እንግሊዞች የኤንፊልዱን የመንግሥት ፋብሪካ በአሜሪካ ማሽኖች አደራጁ።

በሃርትፎርድ ደግሞ ኮልት በኮነቲከት ወንዝ ጎርፍ የሚጠቃውን ሜዳ ገዝቶ፣ ሁለት ማይል በሚያህል ግድብ አጠረው። ግድቡ እንዳይሸረሸር በአኻያ ዛፍ አስተከለው፤ ከአኻያው ቅርንጫፍም የቤት ዕቃ የሚሠሩ ጀርመናውያን አስመጣ። በ1855 አዲሱ ፋብሪካ በሰማያዊ ጉልላቱ ላይ የፈረስ ግልገል ምስል ተሸክሞ ተመረቀ። ለሠራተኞች ቤቶችና የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሠራ፤ የሥራውን ቀን አሥር ሰዓት አደረገ። በ1856 ኤልሳቤጥ ጃርቪስን አገባ።

የተባለውና የሆነው

ኮልት ሽጉጦቹ እርስ በርስ ሊለዋወጡ ከሚችሉ ክፍሎች እንደ ተሠሩ በኩራት ይናገር ነበር። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ግን ዋናዎቹን ሽጉጦች ፈትተው ሲያዩ ነገሩ እንደ ተባለው አልሆነም። ክፍሎቹ ከማሽን ሲወጡ ብረቱ ገና ለስላሳ ሳለ ሠራተኛው በሞረድ ያገጣጥማቸው ነበር። ከዚያ ለማጠንከሪያ እሳት ሲሄዱ እንዳይደባለቁ በየክፍሉ የሽጉጡ ቁጥር ይታተም ነበር። ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚፈልጉት የተስማማ ቁጥር፣ ማለት በክፈፉ፣ በአፈ ሙዙ፣ በሲሊንደሩና በሌሎች ክፍሎች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር መገኘቱ፣ የዚህ ምስክር ነው። ዋናው ሽጉጥ ክብሩ ከፍ የሚልበት ምልክት፣ የፋብሪካው ጌታ የተመካበት ነገር ገና እንዳልተፈጸመ የሚያሳይ ማስረጃ መሆኑ አስገራሚ ነው።

ይህ ግን ሥራውን ከንቱ አያደርገውም። በኮልት ፋብሪካ የሠለጠኑት ፍራንሲስ ፕራትና ኤሞስ ዊትኒ በኋላ የራሳቸውን የማሽን ፋብሪካ አቋቁመው፣ የልክ ሥራን ለልብስ ስፌት መኪናና ለሌላውም ኢንዱስትሪ አስፋፉ። ኮልት የተናገረው እውነት የሆነው ከእርሱ በኋላ፣ ከእርሱ በወጡ ሰዎች እጅ ነው።

ሌሎች ነቀፋዎችም አሉበት። በ1854 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ፣ ኮልት የፈጠራ መብቱን ዘመን ለማስረዘም ለምክር ቤት ሰዎች ሽጉጥና ሌላ ስጦታ መስጠቱን መርምሯል። ለአንዱ መንግሥት የጎረቤቱን ትጥቅ እየነገረ፣ ለጎረቤቱም እንዲሁ እያደረገ ይሸጥ እንደ ነበር ይተረካል። የእርስ በርስ ጦርነት ሲቃረብ፣ ባሪያ አሳዳሪ ለሆኑት የደቡብ ግዛቶች መሸጡን እስከ 1861 የጸደይ ወራት ድረስ አላቆመም። በሙያም ቢሆን በመጨረሻ ዘመኑ ከጊዜው ወደ ኋላ ቀርቷል። ቀድሞ በኮልት ፋብሪካ የሠራው ሮሊን ዋይት ሲሊንደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመብሳት ጥይትን ከኋላ ለማጉረስ የሚያስችለውን መብት በ1855 አገኘ፤ በዚህ የተጠቀሙት ግን ስሚዝና ዌሰን ናቸው። መብቱ እስከ 1869 የጸና ስለ ነበር፣ የኮልት ኩባንያ እስከዚያ ድረስ በባሩድና በቆብ ለመቆየት ተገደደ።

ሳሙኤል ኮልት ጃንዋሪ 10 ቀን 1862 በአርባ ሰባት ዓመቱ በሃርትፎርድ ሞተ። በ1864 ፋብሪካው ተቃጠለ። ባለቤቱ ኤልሳቤጥ እሳት የሚቋቋም አድርጋ አሳነጸችው፤ እስከ 1905 በሕይወት ኖራም ስሙን ጠበቀች። የጥይቱ ዘመን ሲመጣ በ1873 አዲሱ ሽጉጥ ወጣ፤ የባሩዱ ሽጉጥም ወደ ግድግዳ ጌጥነት ተሸጋገረ።

አገራችንም በዚሁ የባሩድ ዘመን መጨረሻ ላይ የራሷ ሐዘን አላት። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ያስቀልጡ የነበረው የሃርትፎርዱ ፋብሪካ በተቃጠለበትና በታነጸበት በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው። በ1868 በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉትም ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላኩላቸው ሽጉጥ መሆኑ በታሪክ ተመዝግቧል። ንጉሠ ነገሥቱ አጥብቀው የፈለጉት የመሣሪያ ስጦታን ሳይሆን መሣሪያውን የሚሠራውን ባለሙያ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ በሽጉጡና በፋብሪካው መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም።

አምሳያዎቹ

አሜሪካውያን የእርስ በርስ ጦርነታቸውን መቶኛ ዓመት ለማሰብ ሲዘጋጁ፣ ዋናዎቹ ሽጉጦች ውድና ያረጁ ነበሩ። ቫል ፎርጌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ጋርዶኔ ሄዶ የ1851ዱን ሽጉጥ አምሳያ አሠራ። በዚህ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ አልዶ ኡቤርቲ በ1959 የራሱን ድርጅት መሠረተ። የኮልት ኩባንያም ራሱ በ1971 የ1851ዱን ሞዴል እንደገና ለገበያ አቀረበ። የአሜሪካ ሕግ በ1968 እስከ 1898 የተሠሩትን መሣሪያዎችና ዘመናዊ ጥይት የማይጎርሱ አምሳያዎቻቸውን ከጥንታዊ ዕቃ መድቧቸዋል፤ በሌሎች አገሮች ግን ፈቃድ የሚያስፈልግበት ቦታ ብዙ ነው። ሕጉ ምንም ይበል፣ አምሳያው ገዳይ መሣሪያ መሆኑ አይለወጥም።

አስተዋይ ሰብሳቢ አምሳያውን ከታሪክ ጋር ያመሳክራል። ለምሳሌ የነሐስ ክፈፍና የ44 ካሊበር አፈ ሙዝ ያለው የ1851 ሞዴል በገበያ ላይ በብዛት ይገኛል፤ ኮልት ግን እንዲህ ያለ ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም። የእርሱ 36 ካሊበርና የብረት ክፈፍ ያለው ነበር፤ የነሐስ ክፈፉን የተጠቀሙት ብረት ያነሳቸው የደቡብ አስመሳዮች ናቸው። የተሠራበትን ዓመት ለማወቅ ደግሞ የጋርዶኔው የፍተሻ ተቋም የሚያትመውን ምልክት ማየት ይበቃል፤ ይህ ምልክት እስከ 1974 በሮማውያን ቁጥር፣ ከ1975 ጀምሮ በሁለት ፊደላት ይጻፍ ነበር። ሽጉጡ የሚፈታው በአንድ ሽብልቅ ስለ ሆነ፣ ሽብልቁ ወጥቶ አፈ ሙዙና ሲሊንደሩ ሲለያዩ የመሣሪያው አሳብ በሙሉ በጠረጴዛ ላይ ይነበባል።

የኮልትን ሕይወት በአንድ ቃል አወድሶ ወይም ነቅፎ ማለፍ አይቻልም። ከውድቀቱ የተማረ፣ ችሎታ ያለውን ሰው አውቆ ከጎኑ ያቆመ፣ ከአንድ ናሙና ይልቅ ናሙናውን ሺህ ጊዜ የሚደግመውን ፋብሪካ ያስቀደመ መሪ ነበር። ያልተፈጸመውን እንደ ተፈጸመ የተናገረ፣ የሸጠውም መሣሪያ በማን ላይ እንደሚተኮስ ያልጠየቀ ነጋዴም ነበር። በአምሳያው ላይ የሚታየው ንድፉ ብቻ ነው። የንድፉን ዋጋና የአጠቃቀሙን ዕዳ ለይቶ መመዘን መሣሪያውን ለሚሰበስበው፣ ይልቁንም ማሽን ለሚነድፈው ባለሙያ የተተወ ሥራ ነው።